ድምፁ የጠፋው ክላክስና የአባቴ ዝምታ



መኪና ላይ ካሉ ነገሮች ሁሉ መበላሸቱ ቶሎ የማይታወቀው ክላክስ ነው። ፍሬን ሲደክም እግር ያውቀዋል። ባትሪ ሲሞት መኪናው አይነሣም። የፊት መብራት ሲቃጠል ጨለማው ይናገራል። ክላክስ ግን ጠፍቶም መኪናው ሳምንቱን ሙሉ በሰላም ወጥቶ በሰላም ይገባል። መጥፋቱ የሚታወቀው በሚያስፈልግበት በዚያች አንዲት ቅጽበት ነው፤ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ወደ አስፋልት ሲሮጥ፣ ወይም ከፊታችን የቆመ ሚኒባስ ኋላውን ሳያይ ሲመጣብን። እጃችን መሪው መሐል ላይ ይወርዳል፤ ድምፅ የለም።

ምእመንም እንዲሁ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። እሑድ ይመጣል፤ መዝሙር ሲዘመር ይቆማል፤ መባውን ይሰጣል፤ ሰላምታ ተለዋውጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከውጭ ለሚያየው ሁሉም ነገር ደህና ነው። ጸሎቱ፣ ምስክርነቱ፣ ወንድሙን «ተው፣ ይህ መንገድ አያዋጣህም» የሚልበት ድፍረቱ ግን ከጠፋ ቆይቷል። መቼ እንደጠፋ የሚያስታውስም የለም።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ወይም በኅብረታችሁ ላላችሁ ነው፤ ያ ሰው እናንተው ራሳችሁ ለሆናችሁም ነው። ነገሩን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ትምህርቱም የተሰጠኝ ባለፈው ሐምሌ፣ የአሮጌዋ ቪትዜ ክላክስ ድምፁን አጥቶ ምክንያቱን አብረን ስንፈልግ ነበር።

«ክላክስ ስድብ አይደለም»

አባባ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። የጉልበት ዘመናቸው ያለፈው በአዲስ አበባና በአሰብ መካከል፣ በፊያት ኤንትሬ ላይ ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞሩ። እኛ ልጆቻቸው ያደግነው የመንገዱን ከተሞች በቅደም ተከተል እየሰማን ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ።

ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩት ግን ስለ ጣርማ በር ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ የሠራው ዋሻ እዚያ ነው። ከዋሻው ወደ ደብረ ሲና መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጉም የወረደ ቀን ከራስ መኪና አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም። መብራትም ብዙ አይረዳም፤ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል። እንዲህ ባለ ቀን የሚረዳው ድምፅ ነው።

«ኩርባው ጋ ሳትደርስ ረዘም ያለ ክላክስ ታደርጋለህ» እያሉ ለወንድሜ ሲያስረዱት አስታውሳለሁ። «ከዚያ መስኮትህን ዝቅ አድርገህ ትሰማለህ። ከማዶ መልስ ከመጣ ሰው አለ ማለት ነው፤ አንዳችሁ ጥግ ይዛችሁ ትቆማላችሁ። ጮሆ የማይሰማ ሹፌር ባይጮህ ይሻለዋል።»

አዲስ አበባ ውስጥ ግን የትራፊክ መብራቱ ገና አረንጓዴ ሳይሆን ከኋላ ሲጮህብን ይናደዳሉ። «ክላክስ ስድብ አይደለም» ይላሉ። «ክላክስ ማለት፣ እኔ እዚህ አለሁ፣ አንተስ የት ነህ? ማለት ነው።»

መጽሐፍ ቅዱስም ስለ መለከት ሲናገር ይህን አሳብ ይዟል። በዘኍልቍ 10 እግዚአብሔር ሙሴን ከብር ሁለት መለከቶች እንዲሠራ አዘዘው። አንዱ ብቻ ሲነፋ አለቆቹ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ሲነፉ ማኅበሩ በሙሉ ይሰበሰባል፤ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲሰማ ሰፈሩ ይነሣል። ድምፁ ሁልጊዜ ሰሚ አለው፤ ሰሚውም መልስ ይሰጣል። መለከት ለብቻው ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር አይደለም፤ ሕዝብን ከሕዝብ፣ ሕዝብንም ከአምላኩ ጋር የሚያገናኝ ነው። ይህን አሳብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ዝም ያሉት አባት

እማዬ ወደ ጌታ የተሰበሰበችው በኅዳር ወር ነው። አባባና እማዬ 41 ዓመት በትዳር ኖረዋል። ቤታችን ሐሙስ ሐሙስ ማታ የሰፈሩ ኅብረት የሚሰበሰብበት ቤት ነበር፤ ጸሎቱን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም አባባ ነበሩ። ጸሎታቸው ረጅም አልነበረም። ድምፃቸው ግን ከባድ መኪና ሲነሣ እንደሚሰማው ከታች ነበር የሚመጣው፤ ልጆች ሳለን ግድግዳው አብሮ የሚጸልይ ይመስለን ነበር።

ከኀዘኑ በኋላ የሐሙሱ ኅብረት ቀጠለ። አባባም እንደ ወትሮው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። «አባባ፣ በጸሎት ይክፈቱልን» ሲባሉ ግን ራሳቸውን ይነቀንቁና በእጃቸው ወደ ሌላ ሰው ያመለክታሉ። ታኅሣሥ እንዲህ አለፈ፤ ጥርም፣ የካቲትም። ፋሲካ መጣ፤ አባባ ዝም እንዳሉ ነበሩ። ማዕድ ሲቀርብ እንኳ «አንቺ ባርኪ» ይሉኛል።

ሰው ሁሉ የየራሱን ግምት ያዘ። አንዱ «እምነታቸው ቀዝቅዟል» አለ። ሌላው «በጌታ ላይ አኩርፈው ይሆናል፣ ንስሐ ቢገቡ» አለ። ሌላዋ «የኀዘን መንፈስ ነው፣ እጅ ተጭኖ ይጸለይላቸው» አለች። «እርጅና ነው፣ ተዉአቸው» ያለም አልጠፋ። ሁሉም ከፍቅር ነው የተናገሩት። እሳቸውን ሲጠይቋቸው ግን መልሳቸው ያው አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ኮፈን ሥር

ሐምሌ ላይ የመኪናዬ ዓመታዊ ምርመራ አንድ ሳምንት ሲቀረው ክላክሱ ጨርሶ እምቢ አለ። ለቦሎ ደግሞ መብራቱም ፍሬኑም ክላክሱም መሥራት አለበት። በር ላይ ቆሜ ስታገል አንድ የሰፈራችን ወጣት ቀረብ ብሎ ሁለት ጊዜ ተጫነና «ይሄማ ሞቷል፤ አዲስ ገዝተሽ ግጠሚ» አለኝ።

አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰምተዋል። ለወራት ያልነኩትን የመፍቻ ሣጥን ይዘው ወረዱ።

«ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም» አሉ።

መጀመሪያ ምንም አልፈቱም። ኮፈኑን ከፍተው ጆሯቸውን ወደ ፊውዝ ሣጥኑ አስጠጉና «ተጫኚ» አሉኝ። ተጫንኩ። «ደግመሽ።» ደገምኩ። ከዚያ ቦታ ተለዋወጥን፤ እሳቸው መሪው ላይ ሲጫኑ እኔ አዳመጥኩ። በጣም ትንሽ፣ ጥፍር ጠረጴዛ እንደሚነካው ያህል፣ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሲለቁትም እንደገና «ጠቅ» አለ።

ያ ድምፅ የሪሌው ነው። መሪው ላይ ያለው መጫኛ ክላክሱን በቀጥታ አያስጮኸውም። የሚያስኬደው ትንሽ ኃይል ብቻ ነው፤ ያ ትንሽ ኃይል ሪሌ የምትባለዋን ኩብ ነገር ይቀሰቅሳል፤ ሪሌዋ ደግሞ ከባትሪ ወደ ክላክሱ ለሚሄደው ትልቅ ኃይል በሩን ትከፍታለች። ስለዚህ ጠቅታዋ ከተሰማች መጫኛው ይሠራል፤ ከመሪው ሥር ያለው ኬብልም አልተቆረጠም ማለት ነው። «ግማሹን መንገድ ሳንነካ ጨረስነው» አሉ አባባ። ለእርግጠኝነት ፊውዙን ነቅለው ወደ ብርሃን አነሡት፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ክር ደህና ነው።

ጠቅታው ባይሰማ ኖሮ ፍለጋው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። አንድ ዓይነት ሪሌ ከጎኑ ነቅሎ በቦታው መሞከር ይቻላል። እዚያ ካልተገኘ ጥርጣሬው ወደ መሪው ይዞራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት አብሮ ከበራማ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እግረ መንገዴን ልምከራችሁ፤ ኤርባግ ያለበትን መሪ ራሳችሁ ለመፍታት አትሞክሩ። ቢፈነዳ ሰው ይጎዳል፤ ሥራውን ለሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ተዉለት።

ቀጥለው አባባ ከፓራውልቱ በላይ ባለው ፍርግርግ በኩል እጃቸውን አስገብተው የክላክሱን ሽቦ ነቀሉ። ከሣጥናቸው ያወጡት ዘመናዊ ቴስተር አልነበረም፤ ሁለት ሽቦ የተበየደበት አሮጌ የ21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል ነው። እኔ ቤት ውስጥ ቁጥር የሚያሳይ ቴስተር እንዳለ ብነግራቸው ሣቁ።

«ቴስተርሽ ምንም ሸክም አይጭንበትም» አሉ። «ሽቦው ተበልቶ አንዲት ክር ብቻ ብትቀረው እንኳ 12 ቮልት ብሎ ይነግርሻል። አምፖሉ ግን ኃይል ይጠይቃል። የታመመ ሽቦ አምፖል ሲጫንበት ይወድቃል። ሸክም ሳትጭኚበት ሽቦ ሁሉ ጤነኛ ነው።»

ያን ጊዜ «ደህና ነኝ» የሚለው መልስ ትዝ አለኝ። ለሰላምታ የሚሰጠው መልስ ሁሉ 12 ቮልት ነው። ደጃፍ ላይ «እንዴት ናችሁ?» ሲባል ሸክም አልተጫነም፤ ስለዚህ ሁላችንም ደህና ነን።

የአምፖሉን አንድ ጫፍ ክላክሱ ጋ ከሚደርሰው ሽቦ፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙና «ተጫኚ» አሉ። አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ።

«ኃይሉ ደርሶታል» አሉ አባባ።

እንግዲህ ኃይል ደርሶ ድምፅ ከሌለ ጥፋቱ የክላክሱ ነው ያሰኛል። ክላክስ ውስጥ ኤሌክትሮማግኔትና ስስ የብረት ሽፋን አለ። ማግኔቱ ሽፋኑን ይስበዋል፤ ሲስበው ኃይሉ ይቋረጣል፤ ሽፋኑ ይመለሳል፤ ሲመለስ ኃይሉ እንደገና ይገናኛል። ይህ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ በመቶዎች ጊዜ ይደጋገማል፤ የምንሰማው ጩኸት እርሱ ነው። ያ ሽፋን ዝጎ ቢደርቅ ክላክሱ በእርግጥም ሞቷል። ወጣቱ ያለውም ይህንኑ ነበር።

አባባ ግን አንድ ፈተና ቀርቷቸዋል። ሽቦውን ወደ ክላክሱ መልሰው ሰኩት። ከዚያ ረዘም ያለ ሽቦ ወሰዱ፤ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አሠሩ፤ ሌላውን ጫፍ ክላክሱ በያዘው ብረት ላይ ጫኑት። «አሁን።»

ተጫንኩ። ክላክሱ ሰፈሩን አናጋው። የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ። ያ ወጣት ከሱቁ በር ላይ ዞሮ አየን።

«መመለሻ ነው ያጣው»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ብቻ አይሠራም፤ መመለስ አለበት። በመኪና ላይ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ከመኪናው አካል ጋር በቡሎን ታስሯል፤ ስለዚህ መላው የመኪናው አካል የመመለሻ መንገድ ነው። በኔ መኪና ላይ ወደ ክላክሱ የምትሄደው ሽቦ አንዲት ብቻ ነች። መመለሻው ክላክሱን ከአካሉ ጋር ያሠረው ያው ቡሎን ነው። ክላክሱ ደግሞ የተቀመጠው ከፊት፣ የክረምት ጭቃና ውኃ በሚረጭበት ቦታ ነው። ቡሎኑ ዝጓል። ክላክሱ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ይመስላል፤ በእጅ ሲነቀንቁት አይነቃነቅም። ነገር ግን በመካከላቸው ዝገት ገብቶ ለያይቷቸዋል።

አባባ በ10 ቁጥር መፍቻ ቡሎኑን ፈቱ። በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠው በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ጀመሩ፤ ነጩ ብረት እስኪታይ።

«ክላክሱ ጤነኛ ነው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ኃይሉም ደርሶታል። መመለሻ ነው ያጣው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በዚያው ድምፅ ቀጠሉ።

«እኔም እንደዚሁ ነኝ፣ ልጄ። 41 ዓመት ስጸልይ እናትሽ ከኋላዬ አሜን ትል ነበር። ቀስ ብላ ነው የምትለው፤ ሌላ ሰው አይሰማትም። እኔ ግን እሰማታለሁ። አንድ ነገር እላለሁ፤ አሜን ትላለች፤ የሚቀጥለውን እላለሁ። አሁን አፌን ልከፍት ስል ያ ድምፅ አይመጣም። ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ክላክስ አድርጌ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ መልስ ያጣሁ ይመስለኛል።»

ለስምንት ወር ከሁላችን የተሰወረው ነገር ይኸው ነበር። እምነታቸው አልቀዘቀዘም፤ በጌታም ላይ አላኮረፉም። ቃሉ በውስጣቸው አለ፤ ጸሎቱም አለ። መልስ የሚመጣበት መንገድ ግን በኅዳር ተቆርጧል።

ምንም አልመለስኩላቸውም። የጸዳውን ቡሎን ትንሽ ግራሶ ቀባን፤ በቦታው አጠበቅን። ክላክሱ ሠራ። ምርመራውንም አለፈ።

ጉዳዩን አባባን አስፈቅጄ ለኅብረታችን ሽማግሌ ነገርኳቸው። ሽማግሌው በሐሙስ አልመጡም። ማክሰኞ ማታ ብቻቸውን መጡ። ቡና ጠጡ፤ ስለ መንገድና ስለ ዝናብ አወሩ። «ይጸልዩ» አላሉም። ወንበራቸውን አንሥተው ከአባባ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ተቀመጡና መዝሙር 77ን አነበቡ፤ አሳፍ ጭንቀቱ አፉን እንደዘጋው የሚናገርበትን መዝሙር። ከዚያ ብዙ ጊዜ ዝም አልን። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማ ነበር።

አባባ በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፣ አለህ» አሉ።

ያ ብቻ ነበር። ሽማግሌውም እኔም በቀስታ «አሜን» አልን። አባባ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከአባባ ጎን አንድ ሰው ይቀመጣል። ተአምር ሆነ ብዬ አልነግራችሁም። እንደ ዱሮው ጸሎት አይከፍቱም፤ ጭራሽ ዝም የሚሉባቸው ሐሙሶችም አሉ። ሆኖም አንዳንዴ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ አንዳንዴ ሦስት። ከጎናቸው ያለውም አሜን ይላል።

የአሜን ሥራ

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። እግዚአብሔር ጸሎትን ለመስማት የሰው አሜን አያስፈልገውም። በሮሜ 8፥26 እንደምናነበው፣ ቃል ሲጠፋን መንፈስ ቅዱስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል። ስለዚህ አባባ ዝም ባሉባቸው ወራት ሁሉ በሰማይ ዝም አልተባለም። በጌታ ፊት ከዝምታችን የሚወለድ ጸሎት አለ።

ነገር ግን ይኸው ጌታ ሲያበጀን ብቻችንን እንድንቆም አድርጎ አላበጀንም። ሙሴ እጁ ሲዝል አሮንና ሖር በግራና በቀኝ ደገፉት፤ እጁን ስለ መድከሙ አልገሠጹትም (ዘጸአት 17)። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ (ኢዮብ 2)፤ መልካም የሠሩት ያን ጊዜ ነው፣ ስሕተታቸው የጀመረው ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት አብረውት እንዲተጉ ለመናቸው (ማቴዎስ 26)። ኃይል ጎድሎት ነበርን? አይደለም። ፍጹም ሰው ሆኖ ሳለ በጭንቁ ሰዓት ሰው ከጎኑ እንዲኖር ፈለገ።

ጳውሎስም በ1 ቆሮንቶስ 14 ስለ ጉባኤ ጸሎት ሲጽፍ ስለ አድማጩ አሜን ይጨነቃል። ሌላው ሰው ገብቶት አሜን ማለት ካልቻለ ጸሎቱ አላነጸውም ይላል። እኛ አሜንን የጸሎት ማብቂያ አድርገን ለምደነዋል። እውነቱ ግን አሜን መመለሻ ነው። የአንዱ ጸሎት በሌላው በኩል አልፎ አካሉን የሚዞርበት መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያን አካል የተባለችው በከንቱ አይደለም። በአካሉ ላይ ተቀምጦ፣ ከአካሉ ጋር ታስሮ፣ ነገር ግን በመካከል ዝገት ገብቶበት ብቻውን የቀረ ስንት ወገን አለን?

ዝምታው የት ነው?

ድምፅ የጠፋበት ሁሉ መመለሻ ያጣ አይደለም። ስለዚህ ከመናገራችን በፊት እንደ አባባ እናዳምጥ።

አንዳንዱ ዝምታ የፊውዝ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ኃይል ሲያልፍ ሽቦው እንዳይነድ ራሱን ይሰጣል። የተቃጠለን ፊውዝ በወፍራም ሽቦ የሚተካ ሰው መኪናውን በእሳት ያስበላል። በአገልግሎት ብዛት የተቃጠለን ሰውም ሌላ ኃላፊነት ጨምረን ልናነሣው አንሞክር። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ ጌታ አስቀድሞ አስተኛው፣ አበላው፣ እንደገናም አስተኛው፤ ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው (1 ነገሥት 19)።

አንዳንዱ ዝምታ የመሪው ነው። ከመሪው ሥር፣ የሚዞረው ክፍል ከማይዞረው ጋር በሚገናኝበት፣ እንደ ሰዓት ስፕሪንግ የተጠቀለለ ኬብል አለ። እርሱ ሲጎዳ ክላክሱ መሪው ቀጥ ሲል ይሠራና ሲዞር ይጠፋል። ሕይወታቸው ሲዞር ድምፃቸው የጠፋ አሉ፤ ሥራ ያጣ ወንድም፣ አዲስ ከተማ የገባች እህት፣ ከዩኒቨርሲቲ ኅብረት ወጥቶ ሰው የማያውቀው ጉባኤ ውስጥ የተቀመጠ ወጣት። እነዚህ የሚፈልጉት በሚዞሩበት ጊዜ የማይለቃቸው ሰው ነው።

አንዳንዱ ዝምታ ደግሞ ገና ከባትሪው ጋር ያልተገናኘ ነው። ይህን የምታነብቡና ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆች፣ ስለ እግዚአብሔር ለመናገር ምንም ድምፅ በውስጣችሁ ባይኖር አትደነቁ። ከቅርንጫፉ ፍሬ የሚጠበቀው በግንዱ ላይ ካለ ብቻ ነው (ዮሐንስ 15)። ሌሎች ሲጸልዩ ሰምታችሁ ለመምሰል አትድከሙ። ወደ ክርስቶስ ኑ፤ ድምፁ ከዚያ ይመጣል። አባባ በማክሰኞው ምሽት ከተናገሩት የሚበልጥ ቃል ለመጀመር አያስፈልጋችሁም።

ለምን ይህን ያህል እንደክማለን? ክላክስ ለራሱ አይጮህም። ለሌላው ሕይወት ነው የሚጮኸው። በሕዝቅኤል 33 ጠባቂው መለከት እንዲነፋ የተሾመው ስለ ሕዝቡ ነው። የአባባ ጸሎት በዘጋበት ስምንት ወር የጎደለባቸው እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ሐሙስ ማታ በዚያ ድምፅ ሥር ያደግን ሁላችን ጎድሎብናል። በኅብረታችሁ ዝም ያለ ሰው ካለ፣ የጎደለው የእናንተም ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ድምፁ የጠፋባችሁን አንድ ሰው አስቡ። ምክር ይዛችሁ አትሂዱ፤ ደጃፍ ላይም «እንዴት ነህ?» ብላችሁ አትለፉ። ወንበር ስባችሁ ከጎኑ ተቀመጡ። ብዙ ሊቆይ ይችላል። አንድ ቃል ሲወጣ ግን እዚያ ሁኑና አሜን በሉ።

ጌታ ሆይ፣ በአካልህ ላይ ሆነው ብቻቸውን የቀሩትን አንተ ታውቃቸዋለህ። በመካከላችን የገባውን ዝገት አጥራልን። ለሚደክመው ትከሻ፣ ለሚጸልየው አሜን እንድንሆን አድርገን። ዝም ያሉትንም አንተ ስማቸው። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።